አንዴ ብቻ የሚጠይቀው መጋቢ

ሉባባ እንድሪስ በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ በክረምት ጭቃ፣ ጦሳ ተራራን በሃምሳ ደቂቃ ወጥታ ትመለሳለች። ይህን የሚያወራላት ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ናት። ብትጠይቋትም ትነግራችኋለች፣ ባትጠይቋትም ትነግራችኋለች። ደሴ ውስጥ ግን «ጉረኛ ናት» የሚላት አንድ ሰው አይገኝም። ከተማው በሙሉ ከኋላዋ እያለከለከ ነው የሚወጣው፤ በገዛ ዓይኑ ያየውን ነገር ምን ብሎ ይክዳል?

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ነው። ክረምት ሲገባ የአገሩ ከተሞች ሁሉ ይወዳደራሉ፤ በሩጫ፣ በኪሎ፣ በትንፋሽ፣ በጥጋብ። ከሰኔ ሠላሳ እስከ ጳጉሜን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ጉሙ መንገዱን እንደሸፈነው የደሴ ሰው የዝናብ ልብሱን ደርቦ ይወጣል። የሸዋ በር ሰዎች በቀኝ፣ የሮቢት ሰዎች በግራ። እጃቸው ላይ ያለው አምባር እርምጃቸውን ይቆጥራል፤ የሰነፈውን ደግሞ በስሙ ይጠራዋል። «አቶ ሙሄ፣ እባክዎ ትንሽ ፈጠን ይበሉ!» ሲል ከጉሙ ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ጉሙ አቶ ሙሄን ከሰው ይደብቃቸው እንደሆነ እንጂ ከአምባሩ አይደብቃቸውም።

ከሩጫ ሲመለሱ መጋቢው ቁርሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። መጋቢ የሌለው ቤት የለም። ግድግዳው ላይ እንደ ቁም ሣጥን ተገጥሞ፣ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በልኩ ያወጣል። ሰውየው በልቶ ሲጨርስ ለስለስ ባለ ድምፅ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ጠገቡ ወይስ ልጨምር?» ጨምር ላለ ይጨምራል። ጠገብኩ ካሉት ሳህኑን ያነሳል፤ የነገውንም ድርሻ በዚያው መልስ ልክ ይቀንሳል።

ያቺን ጥያቄ የጻፈቻት ሉባባ ናት። የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ባለሙያዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ሲመክሩ ከሁሉም ተመርጣ የጸደቀችው የእሷ ጥያቄ ነበረች። አገሩ በሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ በእሷ ቃል ይጠየቃል። እንግዲህ እሷ ያልኮራች ማን ይኩራ?

ደሴም በእሷ ትኮራለች። ከተማዋ ስድስት ክረምት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች። ዘንድሮ ሰባተኛውን ዋንጫ ለማግኘት ሲባል ደግሞ አንድ ደንብ ተጨመረ፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ጎረቤት ለጎረቤት ሳህን መላላክ ቀረ። የጎረቤት ቅምሻ ልክ ያዛባል ተባለ። ሉባባም ደንቡን አንብባ «ትክክል ነው» ብላ ፈረመች።

ራሷስ? ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፣ ልጇ ጅግጅጋ ናት። ብቻዋን ትሮጣለች፣ ብቻዋን ትበላለች። ጠዋት የአጃ ቂንጬ ከተልባ ጋር፣ ቀን ጎመንና ሽምብራ፣ ማታ ሾርባ። መጋቢው «ጠገቡ ወይስ...» ሲል ጥያቄውን እንኳ አታስጨርሰውም፤ «ጠግቤያለሁ!» ትለዋለች፣ ኮራ ብላ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ጨምር ብላው አታውቅም።

ጦሳን ስትወርድ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሰማያዊ በር ያላት ቤት አለች። በሯ ላይ፣ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ፈንጠር ብለው፣ ቲቸር ይመር ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። እጃቸው ላይ አምባር አለ፤ እሳቸው ግን የሚያምኑት ከትምህርት ቤት ዘመን የተረፈችውን፣ በአውራ ጣት የምትጫነውን የሩጫ ሰዓት ነው።

«ሃምሳ ሁለት!» ይላሉ ሉባባ ከጉሙ ብቅ ስትል። «ሁለት ደቂቃ ዘገየሽ። ምነው፣ መንገድ ላይ ሠርግ ገጠመሽ?»

እውነቱን ለመናገር አርባ ዘጠኝ በገባችበት ቀንም ዘገየሽ ብለዋታል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ደረስሽ» ብለዋት አያውቁም። ሉባባ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ የሚጠቁር ልጅ ነበረች። ሐኪሞቹ አትሩጥ ብለው ወረቀት ጻፉላት። ወረቀቱን ለስፖርት አስተማሪዋ ስትሰጣቸው ቲቸር ይመር አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። «ሐኪሞቹ ይቀመጡ፤ አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ» አሏትና ይዘዋት ወጡ። የመጀመሪያ ቀን እስከ ሰማያዊው በር ድረስ ብቻ። በዓመቱ የጦሳ ጫፍ ላይ ቆመች። የዛሬዋ ሉባባ ደረቷን የምትነፋው በዚያ ደረት ነው።

ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ግን ቲቸር «ሃምሳ አንድ!» ሊሉ ሲነሱ በግራ እጃቸው ሱሪያቸውን ያዝ አደረጉ። ሉባባ ሳቅ አለችና ዓይኗን ወደ ቀበቶው ጣል አደረገች። ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። ቀበቶው በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩት። የመጨረሻው ገና የዛሬ ነው፤ የቆዳው ፍርፋሪ እንኳ አልረገፈም።

«ቲቸር፣ ከሱ እንዴ?»

«እኔ? ኧረ ወዲያ! ሱሪው ነው የሰፋው። የዛሬ ጨርቅ ምን ይታመናል።»

ሉባባ ዓይኗን ከቀበቶው ሳታነሳ ተሰናበተቻቸው።

ቢሮ እንደገባች የቲቸርን መዝገብ ከፈተች። ሰኔ ሠላሳ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ። ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ ሃምሳ ሦስት። ከጎኑ በየቀኑ፣ በየማዕዱ፣ ሳይዛነፍ፣ «ጠግቤያለሁ»። ከታች ደግሞ በቀይ የተጻፈ ነገር አለ፦ የእርጅና መክሳት። ጳጉሜን ሦስት፣ ኮምቦልቻ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ይዛወራሉ።

እሷ የምትሠራበት የሥነ ምግብ ማዕከል ኃላፊ፣ ራሷ ያሠለጠነችው ዶክተር ቃልአብ፣ ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሉባባን እንደ ታላቅ እህት የሚያከብር፣ ትሁት ሰው። ወንበር ስቦላት ተቀመጠች።

«እትዬ ሉባባ፣ እኔም አዝኛለሁ» አለ። «ግን ሰውየው እየበሉ ነው፣ ጠግቤያለሁ ይላሉ፣ ይከሳሉ። ይህ ዕድሜ ነው። ብቻቸውን ከሚወድቁ እዚያ ሰው ቢያያቸው አይሻልም?»

«ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፣ ቃልአብ። ከዚያ በር ብታነሳቸው አንድ ክረምት አይቆዩም።»

«መዝገቡን ምን ላድርገው? ጥያቄው ደግሞ የእርስዎው ነው። ከእሱ የበለጠ የታመነ ነገር የለንም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሉባባ ግን ይህን ወረቀት ራሷ ስላስያዘችው ምን ትበል? «አብሽር፣ እኔ አየዋለሁ» ብላው ወጣች።

በማግስቱ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ቲቸር ቤት ሄደች። «አብረን እንብላ ብዬ ነው» አለቻቸው። የመጣችው ግን ለመሰለል ነበር፤ ምግቡን የሚደፉት ወይም ለድመት የሚሰጡት መስሏት ነበር።

መጋቢው የቲቸርን ምሳ አወጣ። ሉባባ ሳህኑን ስታየው ክው አለች። የሕፃን ልጅ እፍኝ የማይሞላ ጎመን፣ ከጎኑ አንድ ቁራጭ ቂጣ። ቲቸር ቀስ ብለው በሉ። ድመትም የለም፣ መድፋትም የለም። በመጨረሻ ሳህኑን በቂጣው ጠራርገው ጠራርገው፣ መስታወት አደረጉት።

«ጠገቡ ወይስ ልጨምር?» አለ መጋቢው፣ በዚያች በሉባባ ጥያቄ።

«ጠግቤያለሁ፣ ተመስገን።»

ሳህኑ ተነሳ። ሉባባ የራሷን ምሳ ዕቃ ወደሳቸው ገፋ አደረገች።

«ቲቸር፣ ከዚህ ይቅመሱ።»

«አይ፣ አይ! አሁን በልቼ የለም እንዴ? በዓይንሽ አይተሻል።»

«ትንሽ ብቻ። ሽምብራው ጥሩ ነው።»

«በቃኝ ስልሽ! ይልቅ አንቺ ብዪ፣ ነገ ተራራ አለብሽ።»

«በሞቴ!» አለች ሉባባ። አስባበት አልነበረም። ልጅ ሆና እናቷ እንግዳ ስትለምን የሰማችው ቃል ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ። «አፈር ስሆን፣ ቲቸር! እምቢ ካሉኝ እኔም አልበላም።»

ቲቸር ይመር ፊቷን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው «እንግዲህ በሞቴ ካልሽ...» አሉና እጃቸውን ሰደዱ። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። ከሦስተኛው በኋላ ቀና አላሉም። ሽምብራውን ጨረሱ፣ ጎመኑን ጨረሱ፣ ምሳ ዕቃው ሥር የቀረውን መረቅ በጣታቸው ጠራረጉት። ሉባባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዝናቡን የምታይ መሰለች።

ርቧቸዋል። ከእንባዋ ጋር የታገለችው ይህን ስታውቅ ነው። ቲቸር ይመር፣ መላው ከተማ በሥነ ምግብ ባለሙያዋ በሚኮራበት ዘመን፣ የዚያችው ባለሙያ አስተማሪ ሆነው፣ ከሰኔ ጀምሮ በራብ ነው የከሱት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

መንገድ ላይ ስትመለስ ያ የአዲስ አበባ ስብሰባ ትዝ አላት። ከተጋበዙት መካከል እትዬ ውዴ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የድግስ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ነበሩ። ጥያቄዋ ስትነበብ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ አንዴ ጠይቆ ማዕድ የሚያነሳ ምን ዓይነት ጋባዥ ነው?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሉባባም ፈገግ ብላ «እትዬ፣ ሰው ጠገብኩ ካለ ማመን እሱን ማክበር ነው» አለች። ተጨበጨበላት። ያን ጭብጨባ ስንት ዓመት ስታስታውሰው ኖራለች! አሁን ግን በዝናቡ መሃል ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ደሴ ያደገች ልጅ፣ መጀመሪያ ሲጠየቅ «አዎ ርቦኛል» የሚል ሽማግሌ የት አይታ ታውቃለች? አንደኛው እምቢታ ጨዋነት ነው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ እውነቱ የሚወጣው በሦስተኛው ነው። ይህንን እያወቀች ነው አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚያነሳ ዕቃ በየቤቱ ያስገባችው።

ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አልታየም? ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእሷን ስህተት የሸፈኑት ጎረቤቶች ናቸው። ማታ ማታ ሳህን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር፤ በሞቴ የሚል ነበር። ዘንድሮ ያ ሲከለከል ነው ጉዱ የወጣው።

ቢሮ ተመልሳ ከቃልአብ ጋር ተቀመጠች። ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸውን፣ በክረምቱ ከአምስት ኪሎ በላይ የቀነሱትን እንዲፈልግላት ጠየቀችው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወጣ።

«ከእነዚህ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጨምር ያለ አለ?»

ቃልአብ ፈለገ። ደግሞ ፈለገ። «ማንም የለም» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

ሉባባ ግን አሁንም ባለሙያ ናትና መጀመሪያ መፍትሔውን ከዕቃው ፈለገች። ለሙከራ ብላ የቲቸርን መጋቢ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ አስተካከለችው። ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን፣ ምሳ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ጠበቀች።

«ጠገቡ ወይስ ልጨምር?»

«ጠግቤያለሁ፣ ተመስገን።»

«ትንሽ ልጨምርልዎ?»

«በቃኝ አልኩህ እኮ።»

«በሞቴ!» አለ መጋቢው፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ።

ቲቸር ይመር ግድግዳውን አዩ። ሉባባን አዩ። እንደገና ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ሳቁ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ፣ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ።

«አንተ ደግሞ ምን ሞት አለህና ነው በሞትህ የምትለምነኝ?» አሉት። ወደ ሉባባ ዞረው «ማን ነው ይህን ዋሽ ብሎ ያስተማረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

ሳቃቸውን አቆሙ። ቀስ ብለው ዱካውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«ስሚ ልጄ። ሰው በሞቴ ሲለኝ እምቢ ካልኩት ቅር ይለዋል። ፊቱን አይቼ፣ ለሱ ስል ነው የምበላው። ከዚህ ላይ የማንን ፊት ልይ?»

«እንግዲያው ዝም ብለው ጨምር ይበሉት! ጳጉሜን ሦስት መኪና መጥቶ ሊወስድዎት ነው እኮ። አንዲት ቃል ናት፣ ቲቸር። አንዲት ቃል!»

«ሰማንያ አራት ዓመት ኖሬ፣ እናቴ ቤት እንኳ ጨምሩልኝ ብዬ አላውቅም» አሉ ቲቸር ይመር። አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ልክ የድሮ ተማሪዎቻቸውን እንደሚያሰልፉበት ጊዜ። «ዛሬ ለግድግዳ ልበል? ይውሰዱኝ!»

ሉባባ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ግን ይህን አንገት ታውቀዋለች። ጦሳ ላይ ስትወድቅ እንደገና ያስነሳት አንገት ነው። እየተናደደችም በሳቸው ኮራች።

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ጥያቄን መሻር የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያም «ተሳስቻለሁ» ብሎ በአደባባይ ቆሞ መናገር አለበት። ጥያቄው ከተሻረ በሻሪው ከተማ በእሱ የተሰጡት መልሶች ሁሉ ወዲያው ይወድቃሉ፤ የሌሎቹ ከተሞች ግን ከክረምቱ በኋላ ይታያል። ያኔ የእርጅና መክሳት የሚባለው ቀይ ጽሑፍ ይሰረዛል፣ ማዛወሩም ይቆማል። ግን ደግሞ የደሴ የጥጋብ ውጤትም አብሮ ይወድቃል፤ ዋንጫውም ይቀራል። ሉባባም ከዚያ በኋላ ጥያቄ አትጽፍም።

«እትዬ፣ እባክዎ» አለ ቃልአብ። «ዋንጫውን እንቀበልና መስከረም ላይ ቀስ ብለን...»

«መስከረም ላይ ቲቸር ይመር የት ናቸው?»

ቃልአብ የከፈተውን መዝገብ ዘጋ። «የመሻሪያውን ወረቀት እኔ ይዤልዎት መድረኩ ላይ እወጣለሁ» አለ። ይህን ልጅ ስታሠለጥን ያጠፋችው ጊዜ በከንቱ እንዳልነበር ሉባባ ያን ቀን አወቀች።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ሆጤ ሜዳ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዝናቡ ያካፋል። ወጣቶቹ የሰፈራቸውን ቀለም ለብሰው ይጨፍራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ በተሸፈነው ቦታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። የዋንጫው ሰዓት ደረሰና «የደሴ ኩራት!» ተብላ ሉባባ ተጠራች። ጭብጨባው ጦሳ ድረስ ተሰማ ቢባል ማጋነን አይደለም።

መድረኩ ላይ ወጣች።

«ሉባባ እንድሪስ እባላለሁ» አለች፣ የማያውቃት ያለ ይመስል። «በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠየቁትን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ኮርቼበታለሁ። ጥያቄው ስህተት ነው።»

ጭፈራው ቆመ።

«አንዴ ብቻ ጠይቄ ማዕዳችሁን አነሳሁ። ከእናንተ መካከል አንዴ ብቻ ‹ብሉ› ብሎ ዝም የሚል ቤት ያደገ አለ? ሳህን መላላክ ሲከለከልም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።» ቃልአብ ያቀረበላትን ወረቀት ፈረመች። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ትታ ወደ ሽማግሌዎቹ ወረደች፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ፊት ለፊታቸው።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ። የራበው ሰው አለ?»

አንዳንዱ ጋቢውን አስተካከለ። አንዲት ባልቴት «ኧረ ተመስገን ነው» አሉ በለሆሳስ።

«ትንሽ ይጨመርልኝ የሚል የለም?»

ሁሉም ወደ መሬት አቀረቀሩ። ከኋላ የወጣቶቹ ጉርምርምታ ተሰማ፤ «ምን እያደረገች ነው?»

ሉባባ በጭቃው ላይ ተንበረከከች። ያ አምስት ሺህ ጊዜ ተራራ የወጣ ጉልበት መሬት ነካ። እንባዋም መጣ፤ አልደበቀችውም።

«አፈር ስሆን!» አለች። «በሞቴ፣ በልጄ ሞት! የራበው አለ ወይ?»

አንዲት እጅ ወጣች። የዚያች ባልቴት ናት፣ የቀጠነች፣ አምባሯ እስከ ክርኗ የተንሸራተተ። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ሦስት፣ አሥር፣ አንድ ረድፍ። የደሴ ሽማግሌዎች፣ በዕድሜያቸው ጨምሩልኝ ብለው የማያውቁ ሰዎች፣ ለአንዲት የተንበረከከች ሴት ሲሉ እጃቸውን አነሱ። በመጨረሻ፣ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከዳር በኩል፣ አንድ እጅ ሱሪውን ለቆ ወጣ። የቲቸር ይመር ነበር።

ከወጣቶቹ መሃል አንዷ «አያቴ!» ብላ ጮኸች፤ አጥሩን ዘላ መጣች። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ብሎ ነገር አልነበረም። ዋንጫው መድረኩ ላይ ቀረ፤ ዝናብ ሞላበት። ደሴ ያን ክረምት መጨረሻ ወጣች። ሌሎቹ ከተሞች ለጥቂት ቀን ሳቁ፤ ኋላ የየራሳቸውን መዝገብ ከፍተው ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ። የደሴ ሰው ግን ዛሬም ድረስ «የትኛው ዓመት ነው የምትኮሩበት?» ብትሉት ስድስቱን ዋንጫዎች ዘሎ ይህንን ይነግራችኋል።

ጳጉሜን ሦስት ቀን መኪናው አልመጣም። መጋቢዎቹ አሁንም አሉ፤ ግን አሁን ሽማግሌ «ጠግቤያለሁ» ሲላቸው ሳህን አያነሱም፤ የጎረቤቱን ደወል ይደውላሉ። የቀረው የጎረቤቱ ነው። ያን ዕለት ቀትር ላይ ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውኃ ሰፈር መንገዱ በጃንጥላ ሥር ሳህን በተሸከሙ ሰዎች ተሞላ፤ አቶ ሙሄ እንኳ፣ አምባሩ ሳይጠራቸው፣ ሲሮጡ ታዩ።

ሉባባም ሱፍ ፍትፍት ይዛ ወደ ሰማያዊው በር ሄደች። ቲቸር ይመር ዱካቸው ላይ ናቸው፤ የሩጫ ሰዓቷ እጃቸው ላይ አለች። አዩዋት፣ ሰዓቷን አዩ፣ ኪሳቸው ከተቷት።

«ዛሬ አልዘገየሽም» አሉ።

አርባ አራት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ሳህኑን ከፍታ አስቀመጠችላቸው። ቲቸር በሉ፤ ያለ ብዙ ልመና በሉ። ከዚያ ጠቅለል አድርገው አንድ ጉርሻ ወደ እሷ ዘረጉ።

«ጠግቤያለሁ፣ ቲቸር» አለች ሉባባ፣ እንደ ልማዷ፣ ጉርሻው አፏ ሳይደርስ።

«ቅመሺ ልጄ።»

«ወላሂ በቃኝ። ድርሻዬን በልቻለሁ።»

«በሞቴ!» አሉ ቲቸር ይመር። ፊታቸውን አየችው። የከሳ፣ ዓይኑ የሚያበራ ፊት ነው፤ ሞት ያለው፣ ቅር የሚለው ፊት።

አፏን ከፈተች። ሱፉ ከነቃሪያው አፏን ሞላው። እጇ ላይ ያለው አምባር «ወይዘሮ ሉባባ፣ ከድርሻዎ አልፈዋል» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት ቲቸር።

ሉባባ አላመጠች። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም በሞቴ ብሏት አያውቅም። ለካ እሷም ርቧት ኖሯል። ጦሳን በሃምሳ ደቂቃ ወጥታ የምትመለሰው፣ የደሴ ኩራት፣ ብቻዋን እየተጠየቀች ብቻዋን ጠግቤያለሁ ስትል ርቧት ኖሯል። ዋጠችና አንገቷን ቀጥ አድርጋ አስተማሪዋን አየቻቸው።

«ቲቸር» አለች። «ይጨመርልኝ።»